ኪሱ ያልታየ ጃኬት

መስከረም 24

ለእህቴ ልጅ፣ ለጎርናናዋ፣

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። መልሱን ያዘገየሁት ረስቼሽ አይደለም። የሆቴሉ ብርድ ልብስ በሙሉ በአንድ ቀን ገባብኝና እጄ ከውሃ አልወጣ አለ። ዛሬም የምጽፈው ካውያው እስኪግል ነው። እኛ ደህና ነን፤ አንቺም ደህና ነኝ ካልሽ አምኜሻለሁ።

የጠየቅሽኝን በተራ ልመልስ።

ልጄ ተቀይሞሽ እንደሆነ ለጠየቅሽው፣ እንጃ። ዝም ብሏል። ድሮስ መቼ ያወራ ነበር? የሚያወራው በድራሙ ነበር። አሁን ቀኝ እጁ ጀሶ ውስጥ ስለሆነ በሁለቱም በኩል ዝም ብሏል። ከግንባታው መወጣጫ ላይ የወደቀው አንቺና ቤዚስታችሁ አሳታሚ ፍለጋ ከሄዳችሁ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። «ጥለነው ባንሄድ ኖሮ» ያልሽውን ተዪው። ብትኖሩም ሥራ መግባቱ አይቀርም ነበር፣ እንጨቱም መሰበሩ አይቀርም ነበር። እጁ እየተሻለው ነው።

ኋላ ክፍሌ የቀዳችሁት ኦርጂናሉ ካሴት ያለው ቅጂውን ይዛችሁ ስትሄዱ የተስማማችሁበት ቦታ ነው። እሱ ጋ፣ በብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ፣ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ። «በዓመት ሦስት ጃንጥላ ለምትጥል ሰው ካሴት አይሰጥም» ብለው የፈረዱብሽ ቀን እኔም ነበርኩ።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች። ዘፈናችሁን አሁንም «ጩኸቱ» ነው የምትለው። እኔ ግን ቤዚስታችሁን ከመሄዱ በፊት ጠይቄው ነበር፤ «ይሄ የምትጫወቱት ምን ይባላል?» ብለው «ግራንጅ» አለኝ። «ምን ማለት ነው?» ስለው ትንሽ አሰበና «እድፍ እንደ ማለት ነው፣ እትዬ» አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስታገለው የኖርኩትን ነገር እናንተ ከኋላ ክፍሌ ገብታችሁ ዘፈን አደረጋችሁት ማለት ነው። በሁለቱ እሑዶች ከቀዳችሁ ወዲህ ያ ክፍል ጸጥ ሲል ይከብደኛል። ድምፁን እንዲውጥላችሁ ግድግዳው ላይ ያንጠለጠላችሁት እርጥብ ብርድ ልብስ የማን እንደነበር እስካሁን ለባለቤቱ አልተናገርኩም።

ላውንደሪው እንደ ወትሮው ነው። ትናንት ከአንድ ኮት ኪስ የሰው ጥርስ አገኘሁ። በፖስታ አድርጌ ቁጥር ለጠፍኩበት። የቤቱን ደንብ ታውቂዋለሽ፤ ኪስ ይታያል፣ ከዚያ እንደ ምላስ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ ቀጥሎ የሚነካው ሰው መታየቱን እንዲያውቅ። በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ኪስ አላመለጠኝም። የማላየው የአንድ ሰው ኪስ ብቻ ነው፣ የልጄን። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ሲጋራ አግኝቼበት የተጣላነውን ታስታውሻለሽ። ያን ጊዜ ዳግመኛ ኪስህ ውስጥ እጄን አልከትም ብዬ ምዬለታለሁ፤ ጠብቄዋለሁም።

ካውያው ግሏል።

አክስትሽ


ጥቅምት 11

አክስቴ፣

መጀመሪያ ይቅርታ፦ ስልኩን የዘጋሁብሽ ሳንቲሜ አልቆ ሳይሆን ማልቀስ ስለጀመርኩ ነው። አሁን አልፎልኛል።

የክፍሌን ነገር ጠይቀሽ ነበር። ከጎማ ጠጋኝ በላይ ነው፤ ከአንዲት ነርስ ጋር ተጋርቻለሁ። እሷ ስትገባ እኔ እወጣለሁ፣ አልጋው አይቀዘቅዝም። ቤዚስቱ አጎቱ ቤት ነው። አጎቱ «ይሄ ጊታር አራት ክር ብቻ ያለው ሌላውን ሸጠኸው ነው?» ይለዋል።

አሳታሚው ቅጂውን ሰማው። ክብሪት እያኘከ ነው የሚያዳምጠው። ሰባቱንም ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰምቶ «ልጆቹ ምንም አያውቁም፤ ጥሩ ነው» አለ። እኔ እንደ ሙገሳ ነው የወሰድኩት። ቅጂው ግን እንደ ንብ ቀፎ ስለሚጮህ ከእሱ ማሳተም አይቻልም። ወይ ኦርጂናሉ ይምጣ፣ ወይ የእሱ ስቱዲዮ ገብተን እንደገና እንቅዳ አለን። እስከ ኅዳር መጨረሻ ነው የሰጠን።

እንደገና ከተቀዳ ድራሙን የሚመታው የእሱ ሰው ነው። «ሰዓቱ» ነው የሚሉት፤ አንድ ጊዜ እንኳ ስቶ አያውቅም አሉ። ልጅሽ እኮ ለዚህ ነው ጥድፌ የተባለው፣ ሁሉም ዘፈን ላይ ቀድሞን ይደርሳል። አሳታሚው «ይሄ ልጅ ባቡር ያመልጠዋል እንዴ?» ብሎ ስቆበታል። አልተከላከልኩለትም፣ አክስቴ።

ኦርጂናሉን በአደራ ፖስታ ላኪልኝ። ጥድፌ አልበሙ ላይ የሚኖረው በዚያ ካሴት ብቻ ነው። የሰዓቱን ነገር ግን አትንገሪው። ይሄን የጻፍኩት ላንቺ ብቻ ነው።

ጎርናናሽ


ጥቅምት 28

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ይቅደም፣ ለነርሷም ጭምር።

የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት። በሁለተኛው ላይ ሰው ጠራኝና ሳልጨርስ ሮጥኩ። ስለ ሌላው ድራመር ለልጄ አልነገርኩትም። ካሴቱን ለማሳተሚያ ይፈልጉታል ብዬ ብቻ ጠየቅኩት። ጀሶውን እያከከ ቆየና «አርብ እሰጥሻለሁ» አለ። ለምን አርብ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ጀሶው መቼ ይፈታል ላልሽው፣ በቅርቡ ነው። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው። የሚናገረው ቶሎ አይገባኝም እንጂ ጥሩ ሰው ነው።

አራተኛው ዘፈን ላይ የእንፋሎት መተኮሻዬ ድምፅ መግባቱን አሳታሚው ሰማው ወይ? የጠበቃው ሱፍ አስቸኳይ ሆኖብኝ ነው። ያን ጊዜም ይቅርታ ብዬሻለሁ፤ አንቺ «ተዪው፣ ይግባ» ብለሽ ቀጠልሽ። እስካሁን ያሳፍረኛል።

አክስትሽ


ኅዳር 9

አክስቴ፣

ፖስታ ቤት በየቀኑ እሄዳለሁ። ሴትዮዋ ሳላወራ ራሷን ትነቀንቅልኛለች። ልከሽዋል?

ጎ.


ኅዳር 15

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ብርዱ እንዴት ይዞሻል? ወፍራም ሹራብ ይዘሽ መሄድሽን እናትሽ ጠይቂልኝ ብላኛለች። እዚህ ዝናብ አልፎ ነፋስ ሆኗል፤ ልብስ ቶሎ ይደርቃል፣ ግን አቧራ ይይዛል። የጠበቃው ሚስት ወልዳለች። የታችኛው ማሽን ቀበቶው ተቀይሮለት አሁን ድምፁ ጥሩ ነው። ልጄ ጀሶው ተፈቶለታል። ጣቶቹ ቀጫጭን ሆነዋል፣ ሌላው ደህና ነው።

ካሴቱን አልላክሁትም። ፖስታ ቤቱ ሰልፍ ነበረው። በሚቀጥለው ሳምንት።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለራሴ አይደለም፤ አንድ ደንበኛ ጠይቆኝ ነው። ካሴት ውሃ ቢነካው ምን ይሆናል? እንደ ሱፍ ይሰበሰባል?

አክስትሽ


ኅዳር 24

አክስቴ፣

ካሴት አይሰበሰብም። ሙቅ ውሃ ከሆነ ይጣመማል፤ ቀዝቃዛ ከሆነ እንደ ዕድሉ ነው።

ደንበኛው ማነው?

አንቺ እስክትነግሪኝ እኔም የደበቅሁትን ልንገርሽ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ስቱዲዮ ገብተናል። ሁለት ዘፈን ከሰዓቱ ጋር ቀድተናል። ትሑት ሰው ነው፣ ከመምታቱ በፊት መነጽሩን ይጠርጋል። አንድም ስህተት የለውም። «እድፍ»ን አዳምጬው ጨረስኩና የማን ዘፈን እንደሆነ ጠፋኝ። ተተኩሶ፣ ታጥፎ፣ ላስቲክ ውስጥ የገባ ሸሚዝ ነው የመሰለኝ። አልበሙን «ያልተተኮሰ» ያልነው እኮ ባንቺ ቤት ነው።

አሳታሚው ቀኑን እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አራዝሞልኛል። ከዚያ በኋላ ሦስተኛውን እንቀዳለን።

እውነቱን ጻፊልኝ።

ጎርናናሽ


ታኅሣሥ 3

ለእህቴ ልጅ፣

ደንበኛው እኔ ነኝ።

አርብ የራሳችን ልብስ የሚታጠብበት ቀን ነው። የልጄን ጃኬት ከቅርጫቱ አንሥቼ ከሌላው ጥቁር ልብስ ጋር ማሽኑ ውስጥ ከተትኩት። ኪሱን አላየሁም፤ ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። ጥቂት እንደዞረ ከውስጥ መንኳኳት ጀመረ። ቁልፍ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ቁልፍ እንደዚያ እንደማይንኳኳ ገባኝ። አጥፍቼ ውሃውን እስክለቅ ድረስ ጊዜ ወሰደብኝ። በተቆለፈው ኪሱ ውስጥ ካሴቱ ነበር።

ጥቁር ልብስ በቀዝቃዛ ውሃ ስለሆነ የማጥበው ዕድሌ ነው። ግን ሳሙና ነበረው። መጀመሪያ ያሰብኩት ሳሙናው ማለቅ አለበት የሚለውን ነው። ካውያ ውስጥ የምንጨምረው የተጣራ ውሃ አለ፤ በእሱ አለቀለቅሁት። ከዚያ ብሎኖቹን ፈትቼ ክሩን አወጣሁት። እንዴት ረጅም ነገር ነው። ማድረቂያ ክፍሉ ውስጥ ትይዩ ከተወጠሩት ሁለት ገመዶች ከአንዱ ወደ አንዱ እያመላለስኩ ሰቀልኩት፤ በመካከላቸው ሦስት ሜትር አለ፣ ሠላሳ ጊዜ ያህል ተመላለስኩ። በየመታጠፊያው እንዳይወድቅ በልብስ መቆንጠጫ ያዝኩት። ሌላ የማውቀው አሰቃቀል የለም። ካውያ ላስነካው አስቤም ነበር፤ ያንን ተውኩት።

ክሩን እንዲጠቀልልልኝ የጠራሁት ሬዲዮ ጠጋኝ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። «እትዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። «ዘፈን አስጥቼ ነው» አልኩት። ቀረብ ብሎ መቆንጠጫዎቹን አየና «ምነው እነዚህ ባይኖሩ፤ እያንዳንዱ አሻራ ጥሏል» አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት መጋረጃ ስሰቅል መቆንጠጫ አሻራ እንደሚጥል አውቃለሁ። ያን ቀን አላሰብኩትም። እሱ በአዲስ የካሴት ቤት ውስጥ ጠቅልሎ መለሰልኝ። አጫውቼ ልስማው አለኝ፣ እኔ አይሆንም አልኩ።

ልጄ ከውጭ ሲገባ ካሴቱን አልጠየቅኩትም። እሱም አላነሣም። ጃኬቱ ወንበር ላይ ደርቆ ተቀምጦ ነበር፤ ለብሶት ወጣ። ይኸው እስከ ዛሬ አልተነጋገርንም።

አሁን በአደራ ልኬልሻለሁ። ይሰማ አይሰማ አላውቅም። ካልተሰማ የልጄን ድራም ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ያንን ለእሱ የምነግረው እኔው ነኝ፤ አንቺ አትጻፊለት።

ያን ሁሉ ሳምንት ስለ ነፋስና ስለ ጠበቃው ሚስት የጻፍኩልሽን ይቅር በይኝ።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 21

አክስቴ፣

ደረሰ። አሳታሚው ቢሮ ከፈትነው፤ እኔ፣ ቤዚስቱ፣ ሰዓቱም ነበር። እኔ ወለሉን እያየሁ ነው የሰማሁት።

ይሰማል።

ይቅር በይኝ ላልሽው ሌላ መልስ የለኝም፣ የሆነውን ብቻ ልጻፍልሽ። «እድፍ» እንደነበረው ነው፣ ትንሽ ደብዘዝ ብሏል። ሁለተኛው ዘፈን «ሦስተኛ ፎቅ» ላይ ድምፁ ድንገት ዘግይቶ ይሰምጣል፤ ሰው አናቱን ተይዞ ውሃ ውስጥ እንደተደፈቀ፣ ከዚያ ተንፍሶ ይወጣል። ከደቂቃ ምናምን በኋላ ደግሞ ይሰምጣል። መቆንጠጫዎችሽ ናቸው፣ አክስቴ። ቆጠርናቸው። አንዱም አልጠፋም። «እንፋሎት» ላይ ያንቺ መተኮሻ ሲተነፍስ፣ ድራሙ ሲሰምጥ፣ እኔ ብቻዬን ስጮህ አንድ ላይ ይገጥማሉ። ብናስበው እንደዚያ አናደርገውም ነበር። «ሸሚዝ» ከመጀመሩ በፊት ደግሞ አንቺ ትስያለሽ። ሳልሽ ታጥቦም አልለቀቀም።

አሳታሚው ክብሪቱን ከአፉ አወጣ። «ይሄን በምን ማሽን ነው የሠራችሁት?» አለ። ቤዚስቱ «በልብስ ማጠቢያ» አለው። ሰውዬው የሚቀለድበት መሰለው።

ሰዓቱ መነጽሩን ሲጠርግ ቆየና «ልጁ ይሮጣል» አለ። እኔ አሁን እከላከልለታለሁ ብዬ አፌን ስከፍት ጨመረበት፦ «ግን የሚሄድበትን ያውቃል። እኔ ይሄን መምታት አልችልም፤ የቀዳነውን አጥፉት።» ካፖርቱን ለብሶ ወጣ። እስካሁን የሰማሁት ትልቁ ደግነት ነው።

ኦርጂናሉ ነው የሚታተመው። የጥድፌ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ወረቀቱ አብሮ አለ።

አሁን ደግሞ የእጁን ነገር። «እየተሻለው ነው»፣ «ሌላው ደህና ነው» እያልሽ ጽፈሽልኛል። ሦስተኛውን አልፈልግም።

ጎርናናሽ


ጥር 6

ለእህቴ ልጅ፣

የተፈረመው ወረቀት እነሆ። ፊርማው የሕፃን የሚመስለው በግራ እጁ ስለፈረመ ነው።

ሐኪሙ ያለው ይህ ነው፦ ማንኪያ ይይዛል፣ በር ይከፍታል፣ የድራም ዱላ አይይዝም። የነገረን ጀሶው የተፈታ ዕለት ነው። የጻፍኩልሽ ሁሉ ውሸት አልነበረም፤ ማንኪያውን እየያዘ ነው። ዱላዎቹን ጠቅልሎ አልጋው ሥር አስገብቷቸዋል፣ አልጣላቸውም።

አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። ወረቀቱን ስሰጠው «ካሴቱን ልኬላቸው ነበር፤ በእሱ ነው የሚያሳትሙት» አልኩት። «የትኛውን ካሴት?» አለ። «ያንተን» አልኩት። ከዚያ «ይሰማል?» ብሎ ጠየቀ።

ካሴት ተልኮ ደረሰ ሲባል ሰው የሚጠይቀው ይህን ነው? «ይሰማል አሉ» አልኩት። ፈረመ።

መታጠቡን አልነገርኩትም። አልበሙ ሲመጣ እነግረዋለሁ። ከዚያ በፊት አቅም የለኝም።

አክስትሽ


መጋቢት 17

አክስቴ፣

ይኸው ታተመ። ሽፋኑ ላይ ያለው ሥዕል ያንቺ ማድረቂያ ክፍል ነው፤ ቤዚስቱ በቃል አስታውሶ ነው የሣለው፣ መስኮቱን አሳስቶታል። ጀርባው ላይ «ድራም፦ ጥድፌ» ይላል። ከሥሩ «እንፋሎት፣ ሳልና መቆንጠጫ፦ አክስታችን» ይላል። አትቆጪ፣ አሁን አይፋቅም።

አንድ ጋዜጣ «ጆሮ የሚያሳክክ» ብሎናል። ሌላው ምንም አላለም። ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ በየከተማው እንጫወታለን። ሰዓቱ አብሮን ይመጣል፤ ይሄን ለጥድፌ እኔው ራሴ ጽፌለታለሁ፣ ፖስታው ውስጥ ለብቻው ታሽጓል። በጠረጴዛ ላይ እንዳይቀር በእጁ ስጪልኝ።

ከሰማችሁት በኋላ ምን እንዳለ ጻፊልኝ። ዝም ካለም ዝም አለ ብለሽ ጻፊ።

ጎርናናሽ


ሚያዝያ 2

ለእህቴ ልጅ፣

ዝም አላለም።

የላክሽለትን ደብዳቤ በእጁ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ራሱ ካሴቱን ከፈተው። የተቀመጥነው ኋላ ክፍል ነው፣ እሱ ድራሙ በነበረበት ጥግ፣ እኔ መተኮሻው አጠገብ። የመጀመሪያውን ዘፈን ፊቱ ሳይለወጥ ሰማ። ሁለተኛው ላይ የመጀመሪያው መቆንጠጫ ሲደርስ ቀና አለ። «በሕይወቴ ዘግይቼ አላውቅም» አለ። «ይሄ ምንድን ነው?»

አጠፋሁትና ነገርኩት። ማሽኑን፣ መንኳኳቱን፣ ገመዱን። «አጥቤው ነው። ኪስህን አላየሁም» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ምኑን?»

«እንደማታዪው። አጣቢዋ አንቺ ነሽ፣ ያሳጠብኩሽ እኔ ነኝ።»

የጥቅምቱ ደብዳቤሽ፣ ስለ ሰዓቱና አሳታሚው ስለሳቀበት የጻፍሽው፣ ሁለተኛ ሳነበው ሰው ጠርቶኝ ሮጥኩ ብዬሽ አልነበር? ጠረጴዛው ላይ ነበር የተውኩት። እሱ አንብቦታል። ያለ እሱ የሚሆን ከሆነ ጭራሽ አይሁን ብሎ፣ አርብ ካሴቱን ኪሱ ከቶ፣ ቆልፎ፣ ጃኬቱን ቅርጫቱ ውስጥ ጣለው። «ማሽኑ ሲንኳኳ ደረጃው ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ» አለኝ። «ልነግርሽ ተነሣሁ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ።»

አምስት ወር ያህል እኔ ከእሱ ስደብቅ እሱም ከእኔ ሲደብቅ ነበር ማለት ነው፣ ያውም አንድ ካሴት፣ ያውም ሁለታችንም የምናውቀውን። «በቀዝቃዛ ውሃ ባላጥበው ኖሮስ?» አልኩት። «በሙቅ መስሎኝ ነበር» አለ። ሃያ አራት ዓመት እዚህ ቤት ኖሮ ጥቁር ልብስ በምን ውሃ እንደሚታጠብ አያውቅም። መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ የቀረውን ሰማነው። «ሸሚዝ» ሲያልቅ መልሶ አዞረውና እንደገና ከመጀመሪያው ሰማን። ስለ ሰዓቱ የጻፍሽለትን አላሳየኝም፣ አልጠየቅኩም። «መነጽር ያደርጋል እንዴ?» ብቻ ብሎ ጠየቀኝ።

ትናንት አርብ ነበር። ልብሱን እየለየሁ ሳለ መጣ፣ ጃኬቱን በግራ እጁ ይዞ። ቅርጫቱ ውስጥ አልጣለውም፤ ዘረጋልኝ።

«ኪሴን እዪ» አለኝ።

«ምን አለው?»

«እዪው።»

እጄን ከተትኩ። በቀኙ ምንም የለም፣ በግራው ምንም የለም። እንደ ደንበኛ ኪስ ሁለቱንም ወደ ውጭ ገልብጬ ማሽኑ ውስጥ አስገባሁት። ውሃው እስኪሞላና መዞር እስኪጀምር አጠገቤ ቆመ። ከውስጥ ምንም አልተንኳኳም። ከላይ ግን በግራ እጁ ክዳኑን መታ መታ ያደርግ ነበር፣ እንደ ልማዱ እየቸኮለ።

አክስትሽ